ለአነስተኛ ንግድ ድርጅቶች የደንበኛ መረጃ ሶፍትዌር አመራረጥ፤ ወረታና የፎገራ ሜዳ እንደ ማሳያ

የወረታ ከተማ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚያመራው መንገድ በሚገነጠልበት ሥፍራ ትገኛለች። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተንጣለለውና የጉማራና የርብ ወንዞች የሚያጠጡት የፎገራ ሜዳ ምርት በአብዛኛው ወደ ገበያ የሚወጣው በዚህች ከተማ በኩል ነው። አካባቢው ቀደም ሲል ይበልጥ የሚታወቀው በፎገራ የከብት ዝርያ ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ጋር በተያያዘ ሙከራ በጅግና ቀበሌ ከተጀመረው የሩዝ ልማት በኋላ ግን ሜዳው የአገሪቱ ዋነኛ የሩዝ አምራች አካባቢ ሊሆን በቅቷል። «ኤክስ ጅግና» በሚል ስያሜ የሚታወቀው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቀበሌ ነው። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም መቀመጫው እዚያው ፎገራ ነው።

ከሩዙ ጋር የሩዝ መፈልፈያ ድርጅቶች፣ የእህል ነጋዴዎች፣ የውኃ መሳቢያ ሞተርና የመለዋወጫ ሱቆች፣ የፀረ ተባይና የእንስሳት መድኃኒት አከፋፋዮች በከተማዋ ተበራክተዋል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልማት ስትራቴጂ ከ6 እስከ 30 ሠራተኛ ያለውን ተቋም «አነስተኛ» በማለት ይመድበዋል። የወረታ ንግድ ቤቶች አያሌዎቹ ከዚህም ያነሱ፣ ባለቤቱ፣ አንድ የቤተሰብ አባልና አንድ ሁለት ቅጥር ሠራተኞች የሚያንቀሳቅሷቸው ናቸው። እንዲህ ያለው ተቋም የደንበኞቹን ጉዳይ የሚመራው በ3 ነገሮች ነው፤ በባለቤቱ ትውስታ፣ በዱቤ ደብተርና በሠራተኛው ሞባይል ውስጥ በተመዘገቡ ስልክ ቁጥሮች።

ይህ አሠራር የሚናቅ አይደለም። ዱቤ ደብተር ማን እንደተበደረ፣ መቼ እንደሚከፍልና ዋሱ ማን እንደሆነ ይነግራል። ችግሩ የሚታወቀው ደብተሩ ሲጠፋ ወይም ሠራተኛው ሲለቅ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ በጣና ዳርቻ ባሉት የፎገራና የሊቦ ከምከም ወረዳዎች የደረሰው የጎርፍ አደጋ እንደሚያስታውሰን፣ በሜዳው ላይ ወረቀት አስተማማኝ መዝገብ አይደለም። ሠራተኛው ለቆ ሌላ ሱቅ ሲከፍትም ስልክ ቁጥሮቹን ይዞ ይሄዳል፤ ደንበኛውም ተከትሎት ይሄዳል። የደንበኛ መረጃ ሶፍትዌር አስፈላጊነት የሚመነጨው ከዚህ ተጨባጭ ጉዳት ነው እንጂ ዘመናዊ መስሎ ከመታየት ፍላጎት አይደለም።

የሥራና ክህሎት፣ የንግድ እንዲሁም የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቶች ባለሙያዎች «የትኛውን ሶፍትዌር እንግዛ?» የሚል ጥያቄ ከኢንተርፕራይዞች ሊቀርብላቸው ይችላል። አንዳንዴም በድጋፍ ፕሮጀክት በኩል ሶፍትዌሩ ቀድሞ ተገዝቶ፣ ተጠቃሚው በኋላ ይፈለግለታል። ይህ ጽሑፍ ባለሙያው ለጥያቄው መልስ ከመስጠቱ በፊት ሊያጣራቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ያቀርባል።

በአጭር አጠራሩ ሲአርኤም የሚባለው የደንበኞች ግንኙነት አስተዳደር ሶፍትዌር ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ካርድ ከፍቶ፣ በካርዱ ላይ ስሙን፣ ስልኩን፣ የገዛውን፣ የተነጋገረውንና ቀጣዩን ቀጠሮ የሚይዝ ፕሮግራም ነው። ገበያውን በስፋት የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመው ሲበል የተሰኘው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው ሴልስፎርስ ደግሞ ፕሮግራሙን በየኮምፒዩተሩ መጫን ቀርቶ በኢንተርኔት በኩል በኪራይ የሚገለገሉበት አሠራር እንዲስፋፋ አድርጓል። ሁለቱም የተነሱት ኩባንያዎች ያሏቸውን የሽያጭ ሠራተኞች ለመቆጣጠር ነው። ስለዚህ የፕሮግራሞቹ ሐሳብ አንድ ነው፤ ሊገዛ የሚችል ሰው ይገኛል፣ ይነጋገሩታል፣ ዋጋ ይቀርብለታል፣ ውል ይፈርማል ወይም ይተወዋል።

የወረታ ሩዝ መፈልፈያ ሥራ ግን በዚህ ቅደም ተከተል አይሄድም። መፈልፈያው ቢያንስ ሁለት ዓይነት ደንበኞች አሉት። አንደኛው ያልተፈለፈለ ሩዙን በጋሪ ወይም በአይሱዙ ጭኖ የሚመጣው አርሶ አደር ነው። ለእርሱ መዘንጋት የሌለበት ስንት ጆንያ እንዳስገባ፣ ከተፈለፈለ በኋላ ምን ያህል ነጭ ሩዝ እንደወጣለት፣ ስንቱን በመጋዘን እንዳስቀመጠ፣ የማስፈልፈያ ሒሳቡን እንደከፈለ ወይም ከሽያጩ እንዲቀነስለት እንደተስማማ ነው። ይህ የአደራና የሒሳብ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ከጎንደር፣ ከባሕር ዳር፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከሌላ ከተማ ደውሎ ነጭ ሩዝ የሚጠይቀው ጅምላ ነጋዴ ነው። እርሱ ዋጋ ይጠይቃል፣ ናሙና ይፈልጋል፣ አስቦ ይመለሳል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ሲአርኤም የተሠራው ለዚህ ለሁለተኛው ነው።

በመሆኑም መፈልፈያ ላለው ሰው ተራ ሲአርኤም መግዛት የሥራውን ግማሽ ብቻ፣ ያውም ያነሰውን ግማሽ፣ መግዛት ይሆናል። የሚያስፈልገው የመጋዘን መዝገብን፣ የሒሳብ ካርድንና የደንበኛ ካርድን በአንድነት የሚይዝ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በቤልጂየም በሌላ ስም ተጀምሮ ዛሬ ኦዱ ተብሎ የሚጠራው ሶፍትዌር ለዚህ ተጠቃሽ ነው። የፕሮግራሙ ምንጭ ለሕዝብ ክፍት የሆነው ቅጂው ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚገኝ ሲሆን የደንበኛ፣ የሽያጭና የመጋዘን ክፍሎችን አካቶ ይዟል። ሆኖም «በነፃ» ማለት ያለ ወጪ ማለት አይደለም፤ የሚጭነው፣ የሚያስተካክለውና ሲበላሽ የሚጠግነው ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ባለሙያው ደግሞ ወረታ ላይ ካልተገኘ ከባሕር ዳር መምጣቱ ነው።

የውኃ መሳቢያ ሞተር የሚሸጠውና የሚጠግነው ሱቅ ሁኔታ ከዚህ ይለያል። የፎገራ አርሶ አደር ሩዙን ከሰበሰበ በኋላ ከጉማራና ከርብ ውኃ እየሳበ ሽንኩርትና ሌላ አትክልት ያመርታል። ሞተሩ በበጋ መካከል ከቆመ ማሳው ይደርቃል። ሱቁ የትኛው አርሶ አደር የትኛውን ሞተር መቼ እንደገዛ፣ ዘይትና ማጣሪያ መቼ እንደተቀየረለት የሚያውቅ ከሆነ፣ ከመስኖው ወቅት በፊት ደውሎ ሊያስታውሰው ይችላል። ይህ ሲአርኤም በትክክል የሚሠራው ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት በከተማዋ ካሉት የንግድ ዘርፎች ከሶፍትዌሩ ቶሎ ሊጠቀም የሚችለው ይኸው ዘርፍ ነው። የእንስሳት መድኃኒት መደብርም ለተመሳሳይ ማስታወሻ ሊገለገልበት ይችላል። ቡና ቤትና ምግብ ቤት ግን ለጊዜው አያስፈልጋቸውም።

የሥራው ጠባይ ከተለየ በኋላ የሚቀጥለው ሶፍትዌሩን በአገራችን ሁኔታ መፈተን ነው። በዚህ ረገድ አብዛኛው ሰው የሚመለከተው የዋጋውን ሠንጠረዥ ነው። ልምድ የሚያሳየው ግን ሶፍትዌር የሚጣለው በዋጋው ሳይሆን በጥቃቅን በሚመስሉ 3 ነገሮች፣ ይኸውም በስም፣ በፊደልና በቀን አመዘጋገብ መሆኑን ነው።

በስም እንጀምር። የውጭ አገር ሶፍትዌሮች ሰውን የሚመዘግቡት በቤተሰብ ስም ነው። ዞሆን በመሳሰሉት ታዋቂ ፕሮግራሞች የቤተሰብ ስም ካልተሞላ ካርዱ አይከፈትም፤ የስም ዝርዝሩም በቤተሰብ ስም ሊደረደር ይችላል። በእኛ አገር ደንበኛ የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ የአባቱ ስም መለያው ነው። ሠራተኛው የአባትን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ካስገባ፣ ዝርዝሩ ደንበኞችን በአባቶቻቸው ስም ይደረድራል፤ ፈልጎ ማግኘትም ያስቸግራል። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ስማቸውም የአባታቸው ስምም አንድ የሆነ ሰዎች ስለማይጠፉ የአያት ስም፣ ቀበሌና ጎጥ የሚጻፍባቸው ተጨማሪ ቦታዎች ሊኖሩ ይገባል። ስልክ ቁጥርም ብቻውን መለያ ሊሆን አይችልም፤ አንድ ስልክ ለቤተሰቡ ሁሉ የሚያገለግልበት ወይም የልጁ ስልክ የሚሰጥበት ጊዜ አለና።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ የሚነሳ ሌላ ጉዳይ አለ። በአማራ ክልል የገጠር መሬት የይዞታ ማረጋገጫ የባልንም የሚስትንም ስም ይይዛል። የዱቤ ደብተር ግን ብዙውን ጊዜ የባልን ስም ብቻ ይይዛል። ባል ሲሞት ወይም ሥራ ፍለጋ ከአካባቢው ሲርቅ ዕዳውም አደራውም ባለቤት ያጣል፤ ሚስት በመጋዘን ያለውን ሩዝ ለመጠየቅ ማስረጃ ያጥራታል። ሶፍትዌር ሲመረጥ አንድ ካርድ ሁለት ስሞችን እኩል መያዝ መቻሉ መፈተን ያለበት ለዚህ ነው።

ወደ ፊደል ስንመጣ፣ የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ተካቷል። በመሆኑም የዛሬ ሶፍትዌሮች አብዛኞቹ አማርኛን ይቀበላሉ። ችግሩ ያለው በፍለጋው ላይ ነው። አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ» ብሎ የመዘገበውን ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ቢፈልገው ኮምፒዩተሩ «የለም» ብሎ ይመልሳል፤ ምክንያቱም ለእኛ ድምፃቸው አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለእርሱ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ውጤቱ ለአንድ ሰው ሁለት ካርድ፣ ዕዳውም በሁለት ተከፍሎ መቀመጡ ነው። ሻጩ በማሳያው ወቅት «ፀሐይ» ተብሎ የተመዘገበን ስም «ጸሃይ» ብሎ እንዲፈልግ መጠየቅ 5 ደቂቃ የማይፈጅ ፈተና ነው። ካላገኘው ድርጅቱ አንድ ወጥ የአጻጻፍ መመሪያ ማውጣት ወይም ከስም ይልቅ በደንበኛ ቁጥር መሥራት ይኖርበታል። በቀድሞዎቹ የግእዝ ቀለሞች (ፎንት) የተተየቡ የቆዩ የስም ዝርዝሮች ካሉም ወደ አዲሱ ሶፍትዌር በቀጥታ ሲገለበጡ ትርጉም ወደሌላቸው የላቲን ፊደላት ስለሚለወጡ አስቀድመው ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለባቸው።

ከሁሉም በላይ ኪሣራ የሚያስከትለው የቀን አቆጣጠሩ ነው። አርሶ አደሩ «ለኅዳር 12 እከፍላለሁ» ሲል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 21 ቀን 2025 ነው። ሠራተኛው በልማድ 12/03/2018 ብሎ ቢያስገባ ሶፍትዌሩ ማርች 12 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ብሎ ይቀበለዋል፤ ገና ያልደረሰውን ቀጠሮም ከ7 ዓመት በላይ ያለፈው ዕዳ አድርጎ ያሳያል። ጥቅምት 30ን 30/02 ብሎ ሲጽፍ ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው አይቀበልም። ጳጉሜን 5ን 05/13 ብሎ ቢጽፍ፣ ወርን ከቀን በሚያስቀድመው የአሜሪካ አጻጻፍ የተዘጋጀ ሶፍትዌር ሜይ 13 ብሎ በዝምታ ይመዘግበዋል። የማይቀበለው ስህተት ቢያንስ ይታወቃል፤ ተቀብሎ የሚያሳስተው ግን የሚገለጠው ከደንበኛ ጋር ጠብ ሲነሳ ነው። በአገር ውስጥ የተሠሩ ሶፍትዌሮች ዋነኛ ብልጫ የኢትዮጵያን የቀን መቁጠሪያ መያዛቸው ሊሆን ይችላል፤ መያዛቸው ግን በወሬ ሳይሆን በጳጉሜን ቀን ተሞክሮ መረጋገጥ አለበት።

ሌላው ዐቢይ ጥያቄ መረጃው የት ይቀመጥ የሚለው ነው። በኪራይ የሚሰጡት ሶፍትዌሮች መረጃውን የሚያስቀምጡት በውጭ አገር በሚገኙ ኮምፒዩተሮች ላይ ሲሆን፣ ያለ ኢንተርኔት ሥራቸው በእጅጉ ይገደባል ወይም ይቆማል። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጨረሻ ከተፈጠረው የጸጥታ ችግር ጋር ተያይዞ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ መዝገቡ ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ላይ የሆነ ነጋዴ የራሱን ተበዳሪዎች ስም እንኳ ማየት አይችልም። በመሆኑም ለወረታና መሰል ከተሞች በድርጅቱ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ፣ ኢንተርኔት ሲገኝ ብቻ መጠባበቂያ ቅጂ የሚልክ ሶፍትዌር ተመራጭ ነው። መጠባበቂያ ቅጂው በየሳምንቱ በፍላሽ ተገልብጦ ከሱቁ ውጭ ቢቀመጥ ከእሳት፣ ከጎርፍና ከሌባ ይጠበቃል።

የውጭ ምንዛሪ ጉዳይም ከዚህ ጋር አብሮ ይታያል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንኮች ወደ 57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ለምሳሌ ያህል ለአንድ ተጠቃሚ በወር 15 ዶላር የሚያስከፍል ሶፍትዌር ለ3 ሠራተኞች በዓመት 540 ዶላር ይፈጃል። ይህም በ57 ብር ሒሳብ 30 ሺህ 780 ብር የነበረው፣ በ110 ብር ሲሰላ 59 ሺህ 400 ብር ይሆናል። ሶፍትዌሩ አልተለወጠም፤ አገልግሎቱም አልጨመረም። ክፍያውን ለመፈጸም በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ የባንክ ካርድ ማስፈለጉም ራሱን የቻለ እንቅፋት ነው። ዞሆ ለ3 ተጠቃሚዎች ያለ ክፍያ የሚሰጠው ቅጂ አለው፤ ለመለማመጃ ይጠቅማል። ሆኖም ነፃውን ቅጂ ሰጪው ኩባንያ በፈለገ ጊዜ ሊያጠበው እንደሚችል መታወቅ አለበት።

ወጪን ለመሸሽ ፈቃድ የሌለው ቅጂ መጫን በየቦታው ይታያል። የኮምፒዩተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ የሚደረግለት ሥራ መሆኑ ሳይረሳ፣ ከሕጉም በላይ እንዲህ ያለው ቅጂ ቫይረስ ይዞ የሚመጣ፣ ሲበላሽም አቤት የሚባልበት የሌለው ነው።

የሕግን ነገር ካነሳን፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የደንበኛን ስም፣ ስልክና ዕዳ መመዝገብ የባለ ሱቁ የግል ጉዳይ ብቻ መሆኑ አብቅቷል። አዋጁን የማስፈጸም ኃላፊነት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሲሆን፣ የግል መረጃን ለምን ዓላማ እንደሚሰበስቡ ማሳወቅና ወደ ሌላ አገር ሲያስተላልፉ የተቀመጡ ሁኔታዎችን ማክበር ይጠይቃል። የዱቤ ዝርዝርን በቴሌግራም ቡድን ላይ መለጠፍ ወይም የአንዱን ደንበኛ ዕዳ ለሌላው ማሳየት ከነውርነቱ ባሻገር የሕግ ጥያቄ ያስነሳል። የድጋፍ ፕሮጀክቶችም የኢንተርፕራይዞችን የደንበኛ ዝርዝር «ለሪፖርት» ሲጠይቁ ይህን ማሰብ ይኖርባቸዋል። በሌላ በኩል የደንበኛ መረጃ ሶፍትዌር የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያን እንደማይተካ ነጋዴው በግልጽ ሊነገረው ይገባል፤ በሶፍትዌሩ የታተመ ወረቀት ለግብር ደረሰኝ አይሆንም።

ተቋሙ ገና ከደብተር ካልተላቀቀ የመጀመሪያው ምርጫ ሶፍትዌር መግዛት ሳይሆን ኤክሴል መሆን አለበት። አንድ ሠንጠረዥ፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ መስመር፤ የደንበኛ ቁጥር፣ ስም ከነአያት፣ የትዳር ጓደኛ ስም፣ ቀበሌና ጎጥ፣ ስልክ፣ ቀሪ ዕዳ፣ በመጋዘን ያለ ጆንያ፣ የመክፈያ ቀን። የስልኩ ዓምድ በጽሑፍ መልክ ካልተዘጋጀ ኤክሴል የመጀመሪያዋን ዜሮ ይውጣታል፤ የቀኑም ዓምድ እንደዚሁ በጽሑፍ፣ ዓመተ ምሕረትን አስቀድሞ 2018/03/12 ተብሎ ቢጻፍ በቅደም ተከተል ለመደርደር ያመቻል። ይህንን ሠንጠረዥ 3 ወር ሳያቋርጥ ያልሞላ ድርጅት ውድ ሶፍትዌር ቢገዛም አይሞላውም። የሞላ ድርጅት ደግሞ ምን እንደጎደለው ራሱ ስለሚያውቅ ሻጭ አያታልለውም። ለአንዳንዱ ኤክሴሉ በቂ ሆኖ ይገኛል፤ ይህም እንደ ውድቀት ሊታይ አይገባም።

ግዢ ላይ ከተደረሰ፣ ከዋጋው ቀጥሎ በውሉ ላይ መስፈር ያለበት መረጃውን የማውጣት መብት ነው። ድርጅቱ በማንኛውም ጊዜ፣ የሻጩን ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ የደንበኞቹን ዝርዝር ከነዕዳቸው በኤክሴል ወይም በሲኤስቪ ፋይል ማውጣት መቻል አለበት፤ አማርኛው ሳይበላሽ መውጣቱም በሙከራ ይረጋገጥ። በተማሪዎች የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚሠሩ ሶፍትዌሮች ርካሽና ለአካባቢው የቀረቡ ቢሆኑም፣ ሠሪው ተመርቆ ሲሄድ የይለፍ ቃሉ አብሮት የሚሄድበት አጋጣሚ አለ። ዋናው የይለፍ ቃል በባለቤቱ እጅ፣ መለያ አካውንቱም በሠራተኛው የግል ኢሜይልና ስልክ ሳይሆን በድርጅቱ ስም በወጣ ኢሜይልና ሲም ካርድ መከፈት አለበት። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የተለየ መግቢያ ከተሰጠ ማን ዕዳ እንደሰረዘ ይታወቃል።

ጊዜውን መምረጥም ያስፈልጋል። በፎገራ ሩዝ የሚሰበሰበው ከጥቅምት መገባደጃ ጀምሮ ሲሆን ከኅዳር እስከ ጥር መፈልፈያዎቹ ፋታ አይኖራቸውም። በእነዚህ ወራት ሥልጠና መጥራት ወንበር ማስቆጠር ነው። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ ላይ በመሆኑ የጽሕፈት ቤቶች ዕቅድ ከነጋዴው የክረምት ፋታ ጋር ሊገጣጠም ይችላል፤ ሐምሌና ነሐሴ የቆየው ደብተር ወደ ኮምፒዩተር የሚገለበጥበት፣ መስከረም ሠራተኞች በጥቂት ደንበኞች የሚለማመዱበት ቢሆን፣ ምርቱ ሲገባ ሶፍትዌሩና ደብተሩ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ የሁለቱ ድምር ይመሳከራል። ልዩነት ሲገኝ የሚታመነው ደብተሩ ነው፤ ቢያንስ እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ።